ክንፍም በልክ፣ ልብስም በልክ

ስልካችሁን ስትነካኩ ይህችን ዓይነት ቪዲዮ ሳታዩ አልቀራችሁም። አንድ ሰው ሁለት ሲሊንደር ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ባትሪውን አብርቶ፣ በውሃ በተሞላ ጨለማ ዋሻ ውስጥ እንደ ዓሣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከታች አስተያየቱ ይዥጎደጎዳል። «ጥጋብ ነው!» ይላል አንዱ። «ሚሊዮን ብር ቢከፍሉኝ አልሞክራትም» ይላል ሌላው። «ፈጣሪን መፈታተን ይሉሃል ይሄ ነው» የሚልም አይጠፋም።

እኔ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነኝ። ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ጣና አጠገብ አድጌ፣ ዋና የተማርኩት ግን 26 ዓመት ሞልቶኝ አትላንታ ውስጥ በአንድ የሰፈር ገንዳ ነው። አያቴ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እያሉ ስላሳደጉን ሐይቁን የማውቀው ከዳር ቆሜ ነበር። አሁን ግን የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ፣ በወር አንዴ አምስት ሰዓት ገደማ እየነዳሁ ወደ ሰሜን ፍሎሪዳ እወርዳለሁ። እዚያ ያሉት ምንጮች ውስጥ እገባለሁ።

የማወራችሁ ስለ ጀብዱ አይደለም። ስለ ዕቃ ነው። በተለይ ስለ ሁለት ዕቃዎች። አንዱ ጠላቂው ጀርባው ላይ የሚያስረው የአየር ከረጢት ሲሆን ስሙ «ዊንግ» ነው፤ ክንፍ ማለት። ሌላው የሚለበሰው ልብስ ነው። የእነዚህን ሁለት ነገሮች ልክ ባለማወቄ፣ አንድ ቅዳሜ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ዕቃ እዚያው ሊያስቀረኝ ነበር።

ጣሪያ ያለው ውሃ

ሰሜን ፍሎሪዳ ከላይ ሲያዩት ጥድና የከብት ግጦሽ ነው። ከሥሩ ግን የኖራ ድንጋይ አለ። ውሃ ያንን ድንጋይ በብዙ ሺህ ዓመታት እየቦረቦረ መንገድ ሠርቶበታል። ሃይ ስፕሪንግስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ሳንታ ፌ ወንዝ ዳር፣ ጊኒ ስፕሪንግስ የሚባል ቦታ አለ። ከዚያ ራቅ ብሎ ደግሞ ፒኮክ ስፕሪንግስ አለ። ውሃቸው ከመጥራቱ የተነሳ በባትሪ ብርሃን የፊት ለፊቱ ግድግዳ መስታወት ውስጥ ያለ ይመስላል። ሙቀቱ ክረምት ከበጋ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው።

ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ሰው ችግር ቢገጥመው፣ ከብዙ ጣጣ ጋርም ቢሆን፣ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። ዋሻ ውስጥ ግን ወደ ላይ ብትል ድንጋይ ነው። የሚወጣው በገባህበት በር ብቻ ነው። ለዚህም ነው በብዙዎቹ ዋሻዎች አፍ ላይ የሞት ምስል የተሳለበት ሰሌዳ የተተከለው። መልእክቱ ባጭሩ፣ ካልሠለጠንክ ከዚህ አትለፍ፣ ውስጥ ያለው ነገር ሕይወትህን የሚያህል አይደለም የሚል ነው።

የፍሎሪዳው ተወላጅ የሒሳብ መምህሩ ሼክ ኤክስሊ፣ በዋሻ ውስጥ የሞቱ ሰዎችን አደጋ አንድ በአንድ መርምሮ በ1979 አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ በየሥልጠናው የሚነገሩት ሕጎች መሠረታቸው ያ ዓይነት ምርመራ ነው። ሳትሠለጥን አትግባ። ከአንተ እስከ በሩ ያልተቋረጠ ገመድ ይኑርህ። አየርህን ሦስት ቦታ ክፈል፤ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ፣ አንዱ መጠባበቂያ። ከተፈቀደልህ ጥልቀት አትለፍ። ሦስት ባትሪ ያዝ። ኤክስሊ ራሱ በ1994 ሜክሲኮ ውስጥ ዛካቶን በሚባል እጅግ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ የጥልቀት ክብረ ወሰን ሲሞክር ሕይወቱ አልፏል። የሙያው ትልቅ ሰው እንኳ ከውሃው ጋር ውል የለውም።

እነዚህ ሕጎች ስለ ዊንግና ስለ ልብስ በቀጥታ አያወሩም። ግን ነገሩን ተከተሉት። ገመዱን ለማየት ውሃው መጥራት አለበት። ውሃው እንዲጠራ ወለሉ ላይ የተኛውን ደለል መቀስቀስ የለብህም። ደለሉን ላለመቀስቀስ ወለሉንም ጣሪያውንም ሳትነካ መሃል ላይ ተንጠልጥለህ መቆየት አለብህ። ያንን የሚያደርጉልህ ደግሞ ዊንጉና ልብሱ ናቸው። ገመዱ የታመነው በእነሱ ነው።

«ያድግበታል»

ባለፈው ዓመት እቁብ ወጣልኝ። 12 ሰዎች ነን፤ በወር 500 ዶላር እንጥላለን። 6000 ዶላር በእጄ ገባ። የእቁባችን ዳኛ ብሩን ሲያስረክቡኝ ምን ላደርግበት እንዳሰብኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ ውሃ ውስጥ ምን ጥለሃል?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ግማሹ የእኔ አልነበረም። ባሕር ዳር ያለው የእናቴ ቤት ጣሪያ ያፈስሳል። ክረምት በመጣ ቁጥር ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሳፋ ይደረደራል። 3000 ዶላሩ ለቆርቆሮው ነው ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የቀረው 3000 ለሥልጠናውና ለዕቃው ነው። ሥልጠናውን ከፈልኩ፤ ሲሊንደሮቹን ገዛሁ፤ ብሩ ሳሳ። ስለዚህ ዊንጉንና ልብሱን በርካሽ ልጨርስ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ተጣድኩ።

ዊንግ ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ጠላቂው ጀርባው ላይ የብረት ሳህን ያስራል። ከሳህኑ ኋላ ሲሊንደሮቹ አሉ። በሳህኑና በሲሊንደሮቹ መካከል ከረጢቱ ይገባል። ከውጭ ጠንካራ ጨርቅ፣ ከውስጥ እንደ መኪና ካላማዳሪ አየር የሚይዝ ነገር አለው። በግራ ትከሻ በኩል ቱቦ ይመጣል፤ ጫፉ ላይ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንዱ ከሲሊንደሩ አየር ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል። አየር ሲገባ ትነሳለህ፤ ሲወጣ ትወርዳለህ። አርኪሜደስን ትምህርት ቤት ያጠናችሁት ለዚህ ነው።

የዊንግ መጠን የሚለካው በሚያነሳው ክብደት ነው። ለሁለት ሲሊንደር የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 27 ኪሎ ግራም የሚያነሱ ናቸው። እኔ ያገለገለ፣ 27 ኪሎ የሚያነሳ በ120 ዶላር አገኘሁ። እንዴት ደስ አለኝ! እማዬ በልጅነቴ ዩኒፎርም ስትገዛልኝ ሁሌም ሁለት ቁጥር ታስበልጥ ነበር። «ያድግበታል» ትላለች። እኔም ዊንጉን ያድግበታል ብዬ ገዛሁት። ትልቅ ከሆነ የበለጠ ያነሳል፤ የበለጠ ካነሳ የበለጠ ያድናል። ሎጂኬ ይሄ ነበር።

ልብሱም ያገለገለ ነው፤ ሰባት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዌትሱት። ወገቡ ላይ ትንሽ ሰፋ ይለኛል። ምን ችግር አለው አልኩ። ያድግበታል።

ያቺ ቅዳሜ

አስተማሪዬ ከ20 ዓመት በላይ በእነዚያ ምንጮች ውስጥ የኖረ፣ ንግግር የማያበዛ ሽማግሌ ነው። ዕቃዬን መኪናዬ ኮፈን ላይ ዘርግቼ ሳሳየው ዊንጉን በእጁ ገለበጠው። «ትልቅ ነው» አለ። ልብሱን ወገቡ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ከዚያ «ዛሬ የቀን ብርሃን ከሚታይበት ቦታ አናልፍም። ዕቃህ ራሱ ያስተምርሃል» አለኝ። ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ውሃው ላይ ልብሱ እንደ ቡሽ አነሳኝ። መውረድ ሲያቅተኝ አፍሬ አራት ኪሎ እርሳስ ወገቤ ላይ ጨመርኩ። አሁን ወረድኩ። ወረድኩ ብቻ ሳይሆን መውረዱን ማቆም አቃተኝ። 15 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ገጽ ሁለት ከግማሽ እጥፍ ነው። የዌትሱቱ ጎማ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር አረፋዎች በግፊቱ ተጨመቁ። እኔን ያነሳኝ የነበረው ልብስ ስስ ሆነ። የብረት ሲሊንደሮቹና እርሳሱ ግን እንዳሉ ናቸው።

ቁልፉን ተጫንኩ። አየሩ ገባ፤ ግን ከረጢቱ ሰፊ ስለሆነ አየሩ እንደፈለገ ይንሸራሸር ጀመር። ሁሉም ወደ ግራ ሸሸ። አጋደለኝ። ለማስተካከል ስታገል ትንሽ ከፍ አልኩ። ከፍ ስል አየሩ ሰፋ፤ ሲሰፋ የበለጠ አነሳኝ። ሲሊንደሬ ጣሪያውን መታ። ደንግጬ ማስወጫውን ያዝኩ፤ ያለውን ሁሉ ለቀቅኩት። እንደ ድንጋይ ወደቅኩ። በጉልበቴ ደለሉ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልነበረም። ማለቴ፣ የሚታይ ምንም ነገር አልነበረም። ከኋላዬ ሰማያዊ ሆኖ ይታይ የነበረው የበሩ ብርሃን ጠፋ። የያዝኩትን ባትሪ ፊቴ ላይ ሳደርገው ቡናማ ጭጋግ ነው። ገመዱ የት እንዳለ አላውቅም። የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰማው፤ ሩጫ ላይ ያለ ሰው ትንፋሽ። የአያቴ ተረት ትዝ አለኝ። ሳቁ ግን የታለ?

አንድ እጅ ክንዴን ያዘ። ጠበቅ አድርጎ። እጄን ስቦ ቀጭን ነገር ላይ አስቀመጠው። ገመዱ ነበር። በጣቶቼ ቀለበት ሠርቼ ያዝኩት። ያ እጅ ወደፊት ገፋ አደረገኝ። ገመዱን እየዳሰስን ወጣን። ሁሉም ነገር ምናልባት ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

የእንጨት ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንቀጠቀጣለሁ። ግማሹ ፍርሃት ነው፤ ግማሹ ብርድ። በሰፊው ልብስ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባና ሲወጣ ነበር። አስተማሪዬ ቡና ከቴርሞስ ቀድቶ ሰጠኝና «ዕቃህ አልተበላሸም። ያልሠራኸው ሒሳብ ነው» አለኝ። ከዚያ የኮርሱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሒሳቡን ሠርተህ ስትመጣ እንቀጥላለን።»

ሒሳቡ

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ፤ ቁጥር አለ። ግን ሕይወቴን ያተረፈልኝ ይሄ ነው።

አየር ክብደት አለው። አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ገደማ ይመዝናል። ባለ 12 ሊትር ሁለት ሲሊንደሮች በ200 ባር ሲሞሉ 4800 ሊትር ይይዛሉ። ስታባዙት ወደ ስድስት ኪሎ ይመጣል። ስለዚህ ጠላቂው ሲገባ ከሚወጣበት ጊዜ ይልቅ ስድስት ኪሎ ያህል ይከብዳል። እየተነፈሰ ነው ክብደቱን የሚጨርሰው።

ከዚህ ሁለት ጥያቄ ይወጣል። የመጀመሪያው ስለ እርሳሱ ነው፤ የሚመለሰውም በጉዞው መጨረሻ ነው። አየርህ ሊያልቅ ሲል፣ ዊንጉ ባዶ ሆኖ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ላይ ሳትነሳ ቆመህ መቆየት ትችላለህ? ከቻልክ ክብደትህ በቂ ነው። ከዚያ በላይ የምትጨምረው እያንዳንዱ ኪሎ በከንቱ የምትሸከመው ነው። እኔ የጨመርኩት አራት ኪሎ እርሳስ የፍርሃት እርሳስ ነበር። ሲፈተሽ አንድም አያስፈልገኝም፤ የብረት ሲሊንደሮቹና የጀርባው ሳህን በቂ ነበሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ዊንጉ ነው፤ የሚመለሰውም በጉዞው መጀመሪያ ነው። ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ፣ ልብሱ በጥልቀት ተጨምቆ የማንሳት አቅሙን ሲያጣ፣ ዊንጉ ስንት ኪሎ ማካካስ አለበት? ይህን ለማወቅ ልብሴን ገንዳ ውስጥ ነክሬ፣ አየሩን አስወጥቼ፣ እስኪሰምጥ ድረስ እርሳስ አሰርኩበት። ስምንት ኪሎ ፈጀ። እንግዲህ በጣም በከፋው ቀን፣ ልብሱ ሙሉ በሙሉ አቅሙን አጣ ብንል ስምንት፣ የአየሩ ክብደት ስድስት፣ በድምሩ 14 ኪሎ። 18 ኪሎ የሚያነሳ ዊንግ ይበቃኛል፤ ትርፍም አለው። ሌላ አንድ ፈተና ይቀራል። ውሃው ላይ ከጀርባህ ብታወልቀው፣ ዊንጉ ሙሉዎቹን ሲሊንደሮች ብቻውን ማንሳፈፍ መቻል አለበት። ያንንም አለፈ።

ታዲያ 27 ኪሎ የሚያነሳው ምን አጠፋ? የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ ብዙ ሲሊንደር የሚሸከሙ። ለእኔ ግን የማልሞላው ቤት ነው። ባዶው ቦታ ለአየሩ መንሸራሸሪያ ሆነ። ጨርቁ ሲሊንደሩ ላይ እየታጠፈ አየር ይደብቃል፤ ስታስወጣው አይወጣም። በዚያ ላይ ውሃ ይጎትተዋል። ጊኒ ስፕሪንግስ ያለውን የመሰለ ከዋሻው ውስጥ ወደ ውጭ በኃይል የሚፈስ ምንጭ ውስጥ፣ የሚጎተት ጨርቅ ማለት የሚባክን አየር ማለት ነው።

ቅርጹም ለውጥ አለው። አንዳንዱ እንደ ፈረስ ኮቴ ከታች ክፍት ነው፤ አየሩ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው መሻገር ከፈለገ በላይ መዞር አለበት። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ቦምቦሊኖ ዙሪያውን የተገናኘ ነው፤ አየሩ በታችም ያልፋል፣ ሚዛን መጠበቅ ይቀላል። ሁለት ከረጢት በአንድ ላይ ያለውም አለ፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው እንዲያነሳ። የብረት ሲሊንደር ተሸክሞ ዌትሱት ለሚለብስ ሰው መጠባበቂያው እሱ ሊሆን ይችላል። ዋሻ ውስጥ ክንፍህ ቢቀደድ እርሳስህን ጥለህ ወደ ሰማይ አትሮጥም። ሰማይ የለም።

ዘጠና ደቂቃ በ22 ዲግሪ

አዲስ አበባ ላይ 22 ዲግሪ ማለት ቲሸርት የሚለበስበት ደስ የሚል ቀን ነው። ውሃ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፍጥነት ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ደህና ናቸው። በአርባኛው ትከሻህ ይጨማደዳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቶችህ ቁልፍ መፈለግ ያቅታቸዋል፤ የሚበርደው ሰው ደግሞ ብዙ ይተነፍሳል። የሦስት ቦታው የአየር ሒሳብ እዚህ ጋ ይዛባል።

ዌትሱት ስሙ እንደሚለው እርጥብ ነው። ስስ የውሃ ንጣፍ በቆዳህና በልብሱ መካከል ይገባል፤ ሰውነትህ ያሞቀዋል። ውሃው ካልተቀያየረ ይሞቅሃል። ልብሱ ከሰፋ ግን በየእንቅስቃሴው አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል፤ ወንዙን እያሞቅክ ነው ማለት ነው። ጥልቀት ሲጨምር ደግሞ ይሳሳል። የሚያነሳህም የሚያሞቅህም ያው አረፋ ስለሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታጣለህ።

ድራይሱት ሌላ ዓለም ነው። አንገቱና የእጅ አንጓው ላይ ውሃ የማያስገባ ላስቲክ፣ ደረቱ ላይ ወይም ትከሻው ላይ ውሃ የማያሳልፍ ዚፕ አለው። ውስጥህ ደረቅ ነው። ብዙ የዋሻ ሰዎች የሚመርጡት ባለ ሦስት ንብርብር ስስ ጨርቁን ነው፤ እሱ ብቻውን አያሞቅም፤ የሚያሞቀው ከሥሩ የሚለበሰው ነው። ከሥር ጥጥ አይለበስም፤ ላብና ውሃ ይይዛል። በጣም ወፍራም መደረብም ጥሩ አይደለም፤ የደረብከው ሁሉ አየር ይዞ ያነሳሃል፤ ያንን ለማስመጥ እርሳስ ትጨምራለህ፤ ወደ መጀመሪያው ጥፋት ተመለስክ ማለት ነው።

ልብሱ በጥልቀት ሲጨመቅ ከሲሊንደር ጥቂት አየር ይጨመርበታል። ስትወጣ አየሩ ስለሚሰፋ ብዙውን ጊዜ ግራ ክንዱ ላይ ባለው ቫልቭ ይወጣል። ይህን ያልተለማመደ ሰው አየሩ ወደ እግሩ ሸሽቶ ገልብጦ ሊያንጠለጥለው ይችላል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ዊንጉ ቢቀደድ ልብሱ ራሱ ሁለተኛ ክንፍ ይሆናል። በተለመደው አሠራር የዊንጉ ቱቦ ከቀኙ ሲሊንደር ቫልቭ፣ የልብሱ ቱቦ ከግራው ይነሳል። አንዱ ቢዘጋ ሌላው እንዲሠራ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ልብሱ ተቀድዶ ውሃ ሲሞላ እንደ ድንጋይ ያሰምጠናል ብሎ ነው። ውሃ በውሃ ውስጥ አይከብድም። የምታጣው ከሥር የነበረውን አየር ነው፤ ያንን ዊንጉ ማካካስ መቻል አለበት። ሌላው የምታጣው ሙቀትህን ነው። ክብደቱ የሚሰማህ ደረጃውን ስትወጣ ነው።

ሲገዛ አንድ ነገር ይፈተሻል፤ ቀለሙ አይደለም። ከሥር የሚለበሰውን ደርበህ፣ ድራይሱቱን ከላይ አድርገህ፣ እጆችህን ከራስህ ኋላ ውሰድ። የሲሊንደሩን ቫልቮች መድረስ ትችላለህ? ካልቻልክ፣ ፎቶ ላይ ምንም ቢያምርብህ ያ ልብስ ያንተ አይደለም። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ያንን ቫልቭ መዝጋት ያለበት የራስህ እጅ ነው።

ሁሉም ሰው ድራይሱት ይግዛ እያልኩ አይደለም። ሜክሲኮ፣ ዩካታን ያሉት ዋሻዎች 25 ዲግሪ አካባቢ ናቸው፤ ብዙዎቹም ያን ያህል ጥልቅ አይደሉም። እዚያ ብዙ ሰው በዌትሱት ይገባል፤ ቀላል የአሉሚኒየም ሲሊንደሮችን ጀርባው ላይ ሳይሆን በሁለት ጎኑ አንጠልጥሎ፣ ጀርባው ላይ ጠፍጣፋ ትንሽ ዊንግ አስሮ። አሉሚኒየሙ ባዶ ሲሆን መነሳት ስለሚጀምር ሒሳቡ እንደገና ይሠራል። ልብሱንና ዊንጉን የሚመርጠው ዋሻው ነው። አንተ የምትመርጠው መስማት ወይም አለመስማት ነው።

በ2018 ታይላንድ፣ ታም ሉዋንግ ዋሻ ውስጥ የታገቱትን 12 ልጆችና አሠልጣኛቸውን ታስታውሱ ይሆናል። ፊልሙንም አይታችኋል። ልጆቹን ያወጧቸው ጠላቂዎች ዌትሱት አለበሷቸው፤ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ጭምብል አደረጉላቸው። ለትንሽ ልጅ ፊት የሚገጥም ጭምብል ማግኘት ከትልልቆቹ ጭንቀቶች አንዱ ነበር። ዓለም ሁሉ በሚያየው ሥራ ላይ እንኳ ጥያቄው ያው ነው፤ ልኩ ነው ወይ? 13ቱም በሕይወት ወጡ። ሊረዳ የገባው የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ ሳማን ኩናን ግን አልወጣም።

ቆርቆሮው

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። እጄ ላይ የቀረው ገንዘብ የእናቴ 3000 ዶላር ብቻ ነበር። ጥሩ ድራይሱት ደግሞ ከ2000 ዶላር በላይ ነው። ወንድሜ፣ ሰይጣን እንዴት እንደሚያሰላ ታውቃለህ? «ሕይወትህ ትቅደም፤ እሷም ብትሰማ ይሄንን ነው የምትለው» ይልሃል። አንድ ሌሊት የሱቁን ገጽ ከፍቼ፣ ልኬን ሞልቼ፣ ክፈል የሚለው ቁልፍ ላይ አውራ ጣቴን አስቀምጬ ቆየሁ።

እማዬ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ደወለች። ዋሻ እንደምገባ ታውቃለች፤ አትወደውም። «ልጄ፣ ዋሻ የሚገባው መናኝ ነው። አንተ ምን አጥተህ ነው?» ትለኛለች ሁሌ። ያን ቀን የሆነውን ነገርኳት። መዋሸት አልቻልኩም። ዝም አለች። ከኋላዋ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሳፋው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። «ብሩ ካስፈለገህ ያዘው። ክረምቱ እንደሁ ያልፋል» አለች።

ያኔ ገባኝ። ለሕይወቴ የሚያስፈልገኝ ድራይሱት አልነበረም። የሚያስፈልገኝ ልክ ነበር። ዛሬውኑ ዋሻ ግባ ብሎ ያስገደደኝ ማንም የለም። ከሁሉ የሚረክሰው መከላከያ አለመግባት ነው።

ብሩን በማግስቱ ላክሁ። ትልቁን ዊንግ ሸጥኩ፤ ትንሽ ጨምሬ እንደ ቦምቦሊኖ የተገናኘ፣ 18 ኪሎ የሚያነሳ ገዛሁ። እርሳሱን አወለቅኩ። ሰውነቴ ላይ ልክክ የሚል ዌትሱት ተከራየሁ። ለስድስት ወር ዋሻ አልገባሁም፤ ክፍት ምንጭ ውስጥ፣ አምስት ሜትር ላይ፣ ምንም ሳልነካ ተንጠልጥሎ መቆየት ብቻ ነው የተለማመድኩት። አጠገቤ የሚዋኙት ልጆች «ይሄ ሰውዬ ሞቷል እንዴ?» እስኪሉ ድረስ። ከዚያ ኮርሱን ጨረስኩ። አስተማሪዬ ያቺን የታጠፈች ወረቀት ከመኪናው መሳቢያ አውጥቶ ፈረመልኝ።

እንግዲህ ይህን መንገድ ለመጀመር ለምታስቡ፣ በተለይ በውጭ ለምትኖሩ፣ የእኔ ቅደም ተከተል ይኸውላችሁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለ? አንደኛ ሥልጠናው፤ ዕቃ ሳትገዙ የሌላ ሰው ዕቃ ሞክሩ። ሁለተኛ በየትኛው ዋሻ፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ደቂቃ እንደምትገቡ እወቁ። ሦስተኛ ልብሱን ምረጡ፤ ዊንጉን የሚወስነው እሱና ሲሊንደሩ ነው። ዊንጉን የመጨረሻ አድርጉት፤ በቁጥር እንጂ በስሜት አትግዙት። ያገለገለ መግዛት ነውር አይደለም፤ ግን ነፍታችሁ በሳሙና ውሃ ፈትሹት፤ አንድ ሌሊት ነፍታችሁ አሳድሩትና ጠዋት እዩት። አገር ቤት ጣናም ሆነ ላንጋኖ ለምትዋኙት ደግሞ ምክሬ አንድ ነው፤ ልኩን የማታውቁት ውሃ ውስጥ በጓደኛ ግፊት አትግቡ።

ዘንድሮ፣ ከአንድ ዓመት ቁጠባ በኋላ፣ ድራይሱቱን ገዛሁ። ቫልቮቹን እደርሳለሁ። ለብሼው ፎቶ ተነስቼ ለእማዬ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። አዲሱ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጣ ቡና እያፈላች ነበር፤ ዝናቡ ከላይ ይደበድባል፤ ሳፋ ግን የለም።

«ይሄ ልብስ ውሃ አያስገባም ነው የምትለኝ?» አለች።

«አያስገባም እማዬ።»

ፎቶውን ራቅ አድርጋ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያዋን አየች።

«ተመስገን። ያንተም የእኔም አያፈስም ማለት ነው» አለችኝ።